የትኛው ፒፒፒ? ምርጫው አጠገቡ ባለው ተፎካካሪ ይታወቃል

«የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ በፒፒፒ ሲለካ ይተልቃል።» «መንገዱ የሚሠራው በፒፒፒ ነው።» «ራውተሩ ላይ ፒፒፒውን ሙላና ሞክር።» «የወሰኑን ነጥብ በፒፒፒ አስልተነዋል።» «ግሉኮሱ በፒፒፒ በኩል ሲያልፍ...»

አምስቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። አምስቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ረጅም የትርጉም ዝርዝር ይመጣላችኋል፤ ዝርዝሩን ጨርሳችሁም ያው ግራ እንደተጋባችሁ ትቀራላችሁ።

እኔ የምመክረው መንገድ ሌላ ነው። በየሙያው ፒፒፒ ብቻውን አይኖርም። ሁሌም አጠገቡ አንድ ተፎካካሪ አለ። ኢኮኖሚስቱ «በፒፒፒ ላስላው ወይስ በባንክ ምንዛሪ?» ይላል። ቀያሹ «በፒፒፒ ወይስ በአርቲኬ (ሌላ የቦታ መለኪያ ዘዴ)?» ይላል። ተፎካካሪውን ካገኛችሁ የትኛው ፒፒፒ እንደሆነ ይታወቃል። የቱን መምረጥ እንዳለባችሁም እዚያው ይለያል። ስለዚህ እንደዚያው ጥንድ ጥንድ እያደረግን እንሂድ። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተፎካካሪው የባንክ ምንዛሪ ከሆነ

ይሄኛው ፐርቼሲንግ ፓወር ፓሪቲ ነው። የገንዘብን የመግዛት አቅም ከአገር አገር የሚያመዛዝን ስሌት ማለት ነው። ስሙን በ1918 ያወጣለት ስዊድናዊው ኢኮኖሚስት ጉስታቭ ካሰል ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ገንዘቦች አመሳቅሏቸው ስለነበር፣ አንዱ በሌላው ስንት መመንዘር እንዳለበት ማስላት የጊዜው ጥያቄ ነበር።

ፀጉር ቤት ገብተን እንየው። ለስሌት እንዲመች አዲስ አበባ ፀጉር መቆረጥ 300 ብር፣ ዋሽንግተን 30 ዶላር ነው እንበል። ባንክ ዶላሩን በ150 ብር ይመነዝራል እንበል። በባንክ ምንዛሪ ከሄድን የአዲስ አበባው ፀጉር አስተካካይ የሠራው የ2 ዶላር ሥራ ነው። ግን ቆረጣው ያው ቆረጣ ነው። 30 ዶላር የሚያሠራውን ሥራ 300 ብር ካሠራ፣ በፀጉር ቤት በኩል አንድ ዶላር የሚያክለው 10 ብር ነው።

አሁን ስልክ ውሰዱ። ዋሽንግተን 300 ዶላር የሚሸጠው ስልክ መርካቶ ሲደርስ ከ45 ሺህ ብር በታች አይቀመስም፤ ቀረጡ ሲታከልበት ይብሳል። በስልክ በኩል አንድ ዶላር 150 ብርና ከዚያ በላይ ሆነ ማለት ነው። ፒፒፒ እነዚህን ሁሉ ይሰበስባል። ፀጉሩን፣ ስልኩን፣ የቤት ኪራዩን፣ ዘይቱን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ ሰው በሚያወጣባቸው መጠን እየመዘነ ወደ አንድ ቁጥር ያመጣቸዋል። እኛን በመሰለ አገር ጉልበትና ኪራይ ርካሽ ስለሆኑ የሚወጣው ቁጥር ከባንኩ በብዙ ያንሳል። «ኢኮኖሚው በፒፒፒ ሲለካ ይተልቃል» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ዋጋዎቹን የሚያስለቅመው በ1968 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የንጽጽር ፕሮግራም ነው። አሁን የሚያስተባብረው የዓለም ባንክ ነው። የ2021 ዋጋዎችን የያዘው ዙር ውጤቱ በ2024 ወጥቷል። ለጨዋታ ያህል ደግሞ ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ከ1986 ጀምሮ በቢግ ማክ በርገር ዋጋ ያመዛዝናል። እኛ ጋ ማክዶናልድስ ስለሌለ በዚያኛው ሚዛን አልወጣንም።

ልዩነቱ ለእኛ አገር ቁልጭ ብሎ የወጣው በሐምሌ 2024 መጨረሻ ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ሲመነዘር የአገሪቱ ኢኮኖሚ በግማሽ ገደማ የሟሸሸ መሰለ። እውነት ጎጃም ላይ የታጨደው ጤፍ በግማሽ ቀነሰ? አልቀነሰም። የተቀየረው መመንዘሪያው ነው። በፒፒፒ ያሰላ ሰው እንደዚያ ያለ ገደል አያይም።

ይህ ማለት ግን ፒፒፒ ሁሌም ያሸንፋል ማለት አይደለም። ነዳጅና ማዳበሪያ የሚገዛው በእውነተኛ ዶላር ነው። የውጭ ዕዳም የሚከፈለው በእውነተኛ ዶላር ነው። አበዳሪው ዘንድ ሄዳችሁ «እኛ ጋ እኮ ኑሮው ርካሽ ነው» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ስለዚህ «ይህ አገር ዕዳውን መክፈል ይችላል?» ተብሎ ሲጠየቅ በባንክ ምንዛሪ እዩት። «ሰዉ እንዴት እየኖረ ነው?» ከተባለ በፒፒፒ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ራሱ የአባል አገሮችን ድርሻ ሲያሰላ ሁለቱን ይቀላቅላል፤ ለኢኮኖሚ መጠን 60 በመቶውን ከገበያ ምንዛሪ፣ 40 በመቶውን ከፒፒፒ ይወስዳል። ፖለቲካም አለበት። ቻይና አሜሪካን በፒፒፒ የቀደመችው በ2010ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በገበያ ምንዛሪ ግን እስካሁን አሜሪካ ትበልጣለች። ክርክር ላይ ሰው የሚመዘው የሚመቸውን ነው።

አንድ በየቦታው የማየው ስሌት አለ። የዓለም ባንክ የድህነት መስመር ከሰኔ 2025 ጀምሮ በቀን 3 ዶላር ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 2.15 ነበር። ሰዎች 3 ዶላሩን በባንክ ምንዛሪ ያባዙና «በቀን 450 ብር የማያገኝ ደሃ ነው ተባለ!» ይላሉ። አልተባለም። ያ 3 ዶላር የ2021 የፒፒፒ ዶላር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ2021 በ3 ዶላር ሊገዛ የሚችለውን ያህል ማለት ነው። ወደ ብር ሲመለስ የሚወጣው፣ የዋጋ ንረቱ ተጨምሮበት እንኳን፣ ከ450 ብር በእጅጉ ያነሰ ነው።

ለራሳችሁ ውሳኔም ይጠቅማል። ዱባይ ወይም ሪያድ ሥራ ተገኝቶ ደመወዙን እያመዛዘናችሁ ከሆነ ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። እዚያው የምትበሉትን፣ ኪራዩንና ትራንስፖርቱን፣ በፒፒፒ ዓይን እዩት፤ እዚያ ምን ይገዛል የሚለው ነው ጥያቄው። ወደ ቤተሰብ የምትልኩትን ግን በባንክ ምንዛሪ አስሉ፤ የሚደርሳቸው ያ ነው። ሙሉ ደመወዙን በብር አባዝቶ «ሚሊየነር ሆንኩ» ማለት ደርሶ ማዘን ነው። አሠሪው ማደሪያና ምግብ ከቻለ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ያኔ የባንኩ ስሌት ብቻውን ይበቃል።

ተፎካካሪው ተራ የመንግሥት ጨረታ ከሆነ

«ፕሮጀክት»፣ «አዋጅ»፣ «ስምምነት»፣ «ባለሀብት» የሚሉ ቃላት ከጎኑ ካሉ፣ ፐብሊክ ፕራይቬት ፓርትነርሺፕ ነው። በአማርኛ የመንግሥትና የግል አጋርነት ይባላል። በኢትዮጵያ የራሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1076/2010፣ ይህ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው። ጉዳዩን የሚይዘው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የግል ኩባንያ የተሳተፈበት ሁሉ ፒፒፒ ይመስለዋል። የአዲስ አበባ አዳማን የፍጥነት መንገድ ውሰዱ። ቻይናዎች ሠሩት፣ በክፍያ እናልፍበታለን፣ ስለዚህ ፒፒፒ ነው? አይደለም። ተቋራጩ ለሠራበት ተከፍሎት ሄደ። ገንዘቡ ከመንግሥትና ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የመጣ ነው። የመንገድ ክፍያውን የሚሰበስበው የመንግሥት ድርጅት ነው። መኪና ቢጠፋ የሚጎዳው መንግሥት ነው፤ ዕዳውም የእሱው ነው።

የናይሮቢው የፍጥነት መንገድ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ2022 የተከፈተው የ27 ኪሎ ሜትር መንገድ ሲሠራ ገንዘቡን ያመጣው ራሱ የቻይናው ተቋራጭ ነው። ወጪውን የሚያወጣው ከመኪኖች በሚሰበስበው ክፍያ ነው። ለ27 ዓመት ያስተዳድረውና ለኬንያ ያስረክባል። ከላይ ሲታዩ ሁለቱ መንገዶች አንድ ናቸው፤ አስፋልት፣ የክፍያ ጣቢያ፣ ቻይናዊ ተቋራጭ። ውሉ ውስጥ ሲገቡ ግን ኪሳራው የሚያርፍበት ትከሻ የተለያየ ነው።

ስለዚህ ዜና ላይ «በፒፒፒ ሊገነባ ነው» የሚል ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ። ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያወጣው ማን ነው? መልሶ የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው ወይስ በጀቱ? ውሉ ሲያልቅ ንብረቱ የማን ነው? ገንዘቡ የግል፣ ውሉ የረጅም ዓመት፣ መጨረሻው ወደ መንግሥት መመለስ ከሆነ ፒፒፒ ነው። ንብረቱ ለዘለዓለሙ ከተሸጠ ወደ ግል ማዛወር ነው። ፈቃድ ገዝቶ በራሱ ንብረት የሚነግድም፣ ለምሳሌ በ2021 የቴሌኮም ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም፣ ፒፒፒ አይደለም።

የቱ ይሻላል? መንግሥት ገንዘብ ከሌለው ፒፒፒ ያጓጓል፤ ዛሬ ሳይከፈል መንገድ ይገኛል። ዋጋው ኋላ ነው የሚመጣው። የግል ኩባንያ ከመንግሥት በላይ ወለድ ይበደራል፣ ትርፍም ይፈልጋል። ሁለቱንም በመጨረሻ የሚከፍለው ሕዝቡ ነው። ብሪታንያ በ1992 የጀመረችውን የራሷን ዓይነት አሠራር፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ስትገነባበት ቆይታ፣ በ2018 ለአዲስ ፕሮጀክት አልጠቀምበትም ብላ ዘግታዋለች።

እንደኛ ላለ አገር ሌላ ጣጣ አለ፤ ምንዛሪው። ኩባንያው የተበደረው በዶላር ነው፣ ገቢው ደግሞ በብር። በ2019 ጋድና ዲቼቶ ለተባሉት የፀሐይ ኃይል ፕሮጀክቶች በወጣው ጨረታ፣ ያሸነፈው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.5 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነበር። ርካሽ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሳንቲሙ የአሜሪካ ነው። ሸማቹ የሚከፍለው ብር ነው። ብሩ ሲወርድ ልዩነቱን አንድ ሰው መሸፈን አለበት፤ ወይ ታሪፉ ይጨምራል፣ ወይ በጀቱ ይደጉማል። እኔ ብጠየቅ ፒፒፒ ተመራጭ የሚሆነው ገቢው በውጭ ምንዛሪ ለሚመጣበት ሥራ ነው፤ ለደረቅ ወደብ፣ ለሎጂስቲክስ፣ ኤሌክትሪክ ለጎረቤት ለመሸጥ። ለወረዳ ጤና ጣቢያ ግን ያው የድሮው ጨረታና በጀት ይሻላል።

ተፎካካሪው «ዳይናሚክ አይፒ» ከሆነ

አሁን ከዶላሩ ወጥተን ሳሎን ውስጥ ወዳለው ራውተር እንምጣ። የራውተሩን ገጽ ስትከፍቱ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ብላችሁ፣ «የኢንተርኔት ግንኙነት ዓይነት» የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ዳይናሚክ አይፒ፣ ስታቲክ አይፒ፣ ፒፒፒኦኢ። አይፒ ኢንተርኔት ላይ የምትታወቁበት የቁጥር አድራሻ ነው፤ ዳይናሚኩ በራሱ ይሰጣል፣ ስታቲኩ አይለወጥም። ይሄኛው ፒፒፒ ፖይንት ቱ ፖይንት ፕሮቶኮል ነው። ሁለት ማሽኖች በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ «ማን ነህ? የይለፍ ቃልህስ? እሺ፣ አድራሻህ ይህ ነው» የሚባባሉበት ደንብ።

ዛሬም መሠረት የሆነው ሰነድ በ1994 ወጣ። ያኔ ሥራው ሞደሙ እየጮኸ በስልክ መስመር የሚደወል ኢንተርኔት ነበር። ኢቪዲኦ ዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ #777 ስትደውሉ የነበራችሁ ሰዎች ፒፒፒን ሳታውቁት ተጠቅማችሁበታል። በ1999 ደግሞ በኤተርኔት ገመድ ላይ እንዲሄድ ተደረገ፤ «ኦኢ» የሚለው ጭራ የመጣው ከዚያ ነው። የኢንተርኔት ኩባንያዎች የወደዱት ለቀላል ምክንያት ነው። ደንበኛው በስምና በይለፍ ቃል ስለሚገባ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ ይለያል።

ምርጫው እንዲህ ነው። ኩባንያው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከሰጣችሁ ፒፒፒኦኢ። ምንም ካልሰጣችሁ ዳይናሚክ። ቋሚ ቁጥር ከፍላችሁ ከገዛችሁና ቁጥሮቹን በወረቀት ከሰጧችሁ ስታቲክ። አለቀ።

የሚያጣላው ሁለተኛ ራውተር ስትገዙ ነው። ኩባንያው የሰጣችሁ ሞደም ስሙና የይለፍ ቃሉ ተሞልቶበት ቀድሞውኑ እየደወለ ነው። አዲሱን ራውተር ከኋላው ሰክታችሁ እሱም ላይ ፒፒፒኦኢ ብትሞሉ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ አንዱ ስም ሁለት ጊዜ እንዲገባ አይፈቀድለትም። አዲሱ ላይ ዳይናሚክ ምረጡ። አይ፣ ደዋዩ አዲሱ ራውተር ይሁን ካላችሁ፣ የድሮውን ሞደም ብሪጅ ወደሚባለው፣ ራሱ ሳይደውል መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት ሁኔታ አስቀይሩት። ጌም የሚጫወት ወይም ካሜራውን ከውጭ ማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ቢያደርግ ይሻለዋል። ለቀረነው የመጀመሪያው ይበቃል።

አንድ ልመና። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ በመርፌ የሚነካውን የሪሴት ቀዳዳ አትጫኑ። ሶኬት መንቀልና ሪሴት ማድረግ ይለያያሉ። ሪሴት የፒፒፒኦኢውን ስምና የይለፍ ቃል ጠራርጎ ያጠፋዋል። ከዚያ ባለሙያ ጠርቶ መጠበቅ ነው። ስሙን ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት።

በቀጥታ ከኮምፒውተር ለምትደውሉ፣ ዊንዶውስ ስህተት 691 ካለ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ አልተስማማም፤ መስመሩ ደህና ነው። 651 ካለ ደግሞ ወደ ሞደሙና ገመዱ ሂዱ። ሌላ ትንሽ ነገር፦ መረጃ የሚላከው ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው፤ ፒፒፒኦኢ በየፓኬቱ ላይ 8 ባይት የራሱን ጽሑፍ ይጨምራል። ስለዚህ ኤምቲዩ የሚባለው ቁጥር፣ ማለትም የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን፣ ከ1500 ወደ 1492 መውረድ አለበት። አንዳንድ ድረ ገጽ ቶሎ እየከፈተ ሌላው ነጭ ሆኖ የሚቀር ከሆነ መጀመሪያ ይህን ቁጥር እዩት።

ተፎካካሪው አርቲኬ ከሆነ

ቀያሾችና የመሬት ሳይንስ ሰዎች ጋ ፒፒፒ ፕሪሳይስ ፖይንት ፖዚሽኒንግ ነው። የስልካችሁ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትር ይሳሳታል። ለራይድ ሹፌር ምንም አይደል፤ ለካርታ ግን አጥር ያፈርሳል። ይህን ስህተት ለማጥፋት ሁለት መንገድ አለ። አርቲኬ ሁለት መሣሪያ ይፈልጋል፤ አንዱ በታወቀ ነጥብ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ይዞራል፣ በመካከላቸው እርማት ይላላካሉ። ፒፒፒ አንድ መሣሪያ ብቻ ይበቃዋል። የሳተላይቶቹን ትክክለኛ ምህዋርና ሰዓት ከዓለም አቀፍ የክትትል ጣቢያዎች ተቀብሎ ስህተቱን በስሌት ያነሳል። ዘዴው በ1997 ታትሞ የወጣው ከናሳው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ነው።

አርቲኬ በሰከንዶች ውስጥ የሴንቲ ሜትር ውጤት ይሰጣል፤ ግን ዋናው ጣቢያ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። ፒፒፒ ቀስ ይላል። መሣሪያውን ሃያና ሠላሳ ደቂቃ፣ ሴንቲ ሜትር ከፈለጋችሁ ደግሞ ሰዓታት ማቆም አለባችሁ። ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቶ ነጥብ የምትለኩ ከሆነ አርቲኬ ነው። ዳናኪል ወይም ኦሞ ላይ፣ የታወቀ ነጥብ በአካባቢው በሌለበት፣ ፒፒፒ ያዋጣል። ወጪም ይቀንሳል። የካናዳ መንግሥት በነጻ የሚያሰላበት አገልግሎት አለው፤ ፋይሉን ልካችሁ ውጤቱን በኢሜይል ትቀበላላችሁ። የአውሮፓው ጋሊሊዮ ደግሞ ከጥር 2023 ጀምሮ የፒፒፒ እርማትን ከሳተላይቱ በነጻ ያሰራጫል። አግድም 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ለመድረስ የታሰበ ነው፤ የሚቀበል መሣሪያ ካላችሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለምትሠሩ አንድ ወጥመድ አለ። ፒፒፒ የሚሰጣችሁ ቁጥር በዓለም አቀፉ የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው። የድሮዎቹ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ሌላ የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው። ሁለቱ ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። ሴንቲ ሜትር ለማግኘት ሰዓታት ቆማችሁ፣ ሳትቀይሩ ካርታው ላይ ብታሳርፉት ነጥቡ የጎረቤት ግቢ ውስጥ ያርፋል።

ይህን ዘዴ ከሚወዱት መካከል ስምጥ ሸለቆን የሚያጠኑት ናቸው። መሬቱ በዓመት የሚከፈተው በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ለዓመታት እየተለካ ካልተደማመረ አይታይም። አንዳንዴ ግን አይጠብቅም፤ በመስከረም 2005 አፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተለያይቷል።

ተፎካካሪው ግላይኮሊሲስ ከሆነ

የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሪዎች ፒፒፒ የሚሉት ፔንቶስ ፎስፌት ፓዝዌይን ነው። ሴል ውስጥ የገባ ግሉኮስ ሁለት መንገድ አለው። በግላይኮሊሲስ ከሄደ ጉልበት፣ ማለትም ኤቲፒ፣ ይሰጣል። በፒፒፒ ከሄደ ኤንኤዲፒኤች የሚባል ሴሉን ከመቃጠል የሚከላከል ነገር ይሰጣል፣ የዲኤንኤ መሥሪያ ስኳርም ያመርታል። እዚህ ምርጫው የእናንተ አይደለም፤ የሴሉ ነው። ለፈተና የሚይዘው ሰው «ግላይኮሊሲስ ለጉልበት፣ ፒፒፒ ለጥበቃና ለግንባታ» ብሎ ቢይዝ ይበቃዋል።

ቀይ የደም ሴል ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሴል ጉልበት ማምረቻ የለውም። ኤንኤዲፒኤች የሚያገኘው ከዚህ መንገድ ብቻ ነው። የመንገዱ የመጀመሪያ በር ጠባቂ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ነው። በዓለም ላይ 400 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይህ ኢንዛይም ያንሳቸዋል፤ በብዛት ወንዶች ናቸው፣ ምክንያቱም ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። አብዛኞቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። ነገሩ የሚወጣው ፕሪማኩዊን የተባለውን የወባ መድኃኒት ሲወስዱ ነው፤ ቀይ ሴሎቻቸው ይፈርሳሉ። ምክንያቱ የኢንዛይሙ ማነስ መሆኑ የታወቀው በ1956 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት በብዛት አለ፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ የሚያወጣው ፕሪማኩዊን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲታዘዝ «የጂ6ፒዲ ምርመራ ያስፈልገኛል?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ባቄላም በእነዚህ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ሌላው ሰው ባቄላውን በሰላም ይብላ።

የተረፉት

ላቦራቶሪ ውስጥ ፒፒፒ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን ሴሎች) የቀነሰበት ፕላዝማ፣ ማለትም የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ነው፤ የደም መርጋት ምርመራ የሚሠራበት። ተፎካካሪው በአንድ ፊደል የሚለየው ፒአርፒ ነው፤ ፕሌትሌት የበዛበት። የውበት ክሊኒኮች ለፀጉር ብለው የሚያስተዋውቁት ሁለተኛውን ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በ2020 የወጣውን የደመወዝ ማቆያ ብድር፣ ፔይቼክ ፕሮቴክሽን ፕሮግራምን፣ ታስታውሳላችሁ። ሬስቶራንት ያላቸውም ታክሲ የሚነዱም የወሰዱት ፒፒፒ ያ ነው። በ1 በመቶ ወለድ የተሰጠ፣ ቢያንስ 60 በመቶው ለደመወዝ ከዋለ የሚሰረዝ። በግንቦት 2021 መጨረሻ ተዘግቷል፤ «አሁንም አለ፣ ላስወጣላችሁ» የሚል ስልክ ቢደወል አጭበርባሪ ነው። የወሰዳችሁት ግን ወረቀቱን አትጣሉ። ማጭበርበርን የሚከሱበት ጊዜ በ2022 በወጣ ሕግ ወደ 10 ዓመት ተራዝሟል።

የሚከብደው የመግዛት አቅሙ ፒፒፒና የአጋርነቱ ፒፒፒ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሲገናኙ ነው። ስለ ኢትዮጵያ መሠረተ ልማት የተጻፈ የዓለም ባንክ ሰነድ ብትከፍቱ፣ ገጽ 2 ላይ የነፍስ ወከፍ ገቢ በፒፒፒ፣ ገጽ 10 ላይ መንገድ በፒፒፒ ታገኛላችሁ። ከዶላር ቁጥር ወይም ከጂዲፒ ቀጥሎ ከመጣ የመግዛት አቅም ነው። «ፕሮጀክት»፣ «ዩኒት» ወይም «ውል» ከተከተለው አጋርነት ነው። እናንተው ሪፖርት የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ለአጋርነቱ «ፒ3» በሉት። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የሚጽፉት እንደዚያ ነው፤ ፒፒፒን ለኢኮኖሚስቶቹ ይለቅላቸዋል። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉም ሦስቱን ፊደል ብቻውን አትጻፉ፤ «ፒፒፒ አርቲኬ»፣ «ፒፒፒ ምንዛሪ»፣ «ፒፒፒ ራውተር» እያላችሁ ተፎካካሪውን ወይም ዕቃውን ጨምሩበት።